አረፋ የለም

በሌዋርደን ከተማ፣ ከቦዩ ድልድይ ሥር፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት የብስክሌት እግር
ሲጠግን የኖረ ጎሚስታ ነው ዊብረን።
ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ስመጣ፣
የኋላዬ ጎማ ነፍሱ ስትወጣ፣
«አስቀምጪው» ይላል፣ ቀና ሳይል ከሥራው።
ከመነዳሪውን ነፍቶ ገበቴ ውስጥ ይነክራል፤
አረፋ ካወጣ፣ ጣቱን ጭኖ ይስቃል፤
ካላወጣ ግን፣ ውሃውን ይጠረጥራል።
ጉንጩን በምራቁ ያረጥብና፣
ጎማውን ወደ ፊቱ ያስጠጋና፣
ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል።
«የሚያፏጭ ቀዳዳ ደግ ነው» ይለኛል፣
«ስሙን ይነግርሻል።
ዝምተኛውን ግን ዓይንም ጆሮም አያገኘው፤
ቆዳሽ ነው የሚያውቀው።»

መጋቢት ላይ እሱ ተኛ፤ ተራው ደረሰ።
ዶክተር ታልስማ ቆረጠች፣ እጢ የወረሰ
አንድ ስንዝር አንጀት፤
ጤነኛውን ጫፍ ከጤነኛው ጫፍ
አጋጠመች፣ በደቃቅ የብረት ስፌት።
ከዚያ (እኔ አልነበርኩም፤ እሷ ናት የነገረችኝ)
ዳሌውን በጨው ውሃ ሞልታ፣ ከታች አየር ነፍታ፣
ከነረዳቶቿ አጎነበሰች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ላንድ አፍታ።
አንድ አረፋ? ምንም። ግማሽ አረፋ? ምንም።
«አረፋ የለም» ተባለ፤ መዝገብ ገባ፤ ማንም አልዋሸም።
ያው የሱ ገበቴ ነው፣ ያው የሱ ሙያ፤
ነቅቶ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ጉንጩን ያረጥብ ነበር ከዚያ።

አንደኛው ቀን ደህና። ሁለተኛው ደህና።
በሦስተኛው ሾርባ ቀመሰ፣ ነፋሱን አማረረ፤ ደህና።
በአራተኛው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ስቅ አለው።
ስቅ ሲል ሰው አነሳህ ይባላል፤ ማን ያነሳዋል?
ሚስቱ ቲትስኬ ተኝታለች፤ ቦዩም ተኝቷል።
ደግሞ ስቅ አለው።
የልቡ ምት መቶ ስምንት፤
ትናንት ማታ ሰማንያ ሁለት።
ትኩሳት፣ የለም ማለት ይቻላል፤
ሆዱ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ተነፍቷል።
የቱቦው ፈሳሽ ደፈረሰ? ወይስ መብራቱ ነው?
«ዊብረን፣ እንዴት ነህ?»
«ደህና» አለኝ፤ ፈገግም አለ።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ግን የብስክሌቴን ነገር አልጠየቀኝም።
ሦስቱንም ሌሊት
«የኋላው ጎማ እንዴት ነው?» ነበር ሰላምታው፤
ዛሬ ኮርኒሱን ነው የሚያየው።
ቅጹ ላይ፣ ይህን የምሞላበት ሳጥን የለም።
ጎንበስ አልኩና መዳፉን ጉንጬ ላይ አኖርኩት፤
ብርድ ነው፣ ላብ አቸፍችፎበት።

ስልኩን አነሳሁ፣ መለስኩት፣ አነሳሁ።
ባለፈው ክረምት ለሌላ በሽተኛ ቀስቅሼው፣
ነገሩ ሆድ መንፋት ብቻ ሆኖ፣
ሳምንት ሙሉ አሹፎብኛል ተረኛው።
«ሪንስኬ» አለ፣ እንቅልፍ በድምፁ፣ «ትኩሳት አለው?»
«የለውም።»
«ሆዱ ጠጥሯል?»
«አልጠጠረም።»
«ታዲያ እየተነፈሰ ነው?»
«አዎ፣ እየተነፈሰ ነው።
የደወልኩትም ለሱ ነው።»
ዝም አለ። ወንበር ሲንሸራተት ሰማሁ።
«ደም ውሰጂ» አለ፤ «መጣሁ።»

ሲአርፒው ሁለት መቶ አርባ።
በሲቲ ስካኑ፣ ከታች የተላከው ቀለም
ከስፌቱ ጀርባ ሾልኮ ቆሟል፣ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም።
ታልስማ ብስክሌቷን ጋልባ ደረሰች፣ ጸጉሯ ዝናብ እንደጠጣ፤
ጎህ ሳይቀድ ተከፈተ፣ ታጠበ፤
አንጀቱ በሆዱ በኩል ወጣ፤
ከረጢት ተለጠፈለት። ሲነቃ ዳስሶ አገኘው፣
አለቀሰ፣ አንድ ቀን ሙሉ።
መዳን እንዲህም ነው።

ነሐሴ ላይ ሄድኩኝ፣ የኋላውን እየገፋሁ።
ከስቷል። ከሽርጡ ሥር ከረጢቱን አየሁ፤
እንዳላየ ሆንኩ።
ጎማውን ነፋው፣ ነከረው፤ ሁለታችን አጎነበስን።
ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል።
አረፋ የለም።
ሳቅ መጣብን፤ ግን አልሳቅንም።
ከውሃው አወጣና ወደ እኔ ዘረጋው፦
«ነይ» አለኝ፣ «ጉንጭሽን አምጪው።»